ከመጨረሻው የሚያነብ መምህር

«ጠላትሽ ሞተልሽ፤ ደስ አይልሽም?» አለኝ የክፍሌ ልጅ የነበረው ሰይድ።

ባጃጁን ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው የነገረኝ። ከጅዳ ከተመለስኩ ወር አልሞላኝም፤ ሐይቅ ከተማ መሃል ቆሜ ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚህች ከተማ ጠላቴ ተብሎ የሚታወቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«መቼ?» አልኩት።

«ትናንት ጀናዛው ተሸኘ። አገር ነው የወጣለት። ስኳሩ ተነስቶበት ነው አሉ። ሂጅና ቤተሰቡን አጽናኝ እንጂ።»

«አልሄድም።»

«ኧረ በአላህ፣ ለሞተ ሰው እንኳ እልህ አለሽ?» ብሎ ሳቀ። «እኔን አታይም? ‹አንተ ባጃጅ› ይለኝ ነበር፤ ይኸው ባጃጅ ነዳሁ። ሰውየው የሚመጣውን የሚያውቅ ወልይ ነበር ወላሂ።»

ቲቸር ይመርን ነው የሚለኝ፤ የኬሚስትሪ መምህራችንን። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ፎቶው ይመጣብኛል። ከፎቶው ሥር ሻማ፣ ከሻማው ሥር «ጀግናው መምህራችን»። ከሩቅ ሲያዩት ሽንት ቤት ገብተው ይደበቁ የነበሩ ልጆች ሁሉ «አባታችን» ብለው ጽፈዋል። ይጻፉ። እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ፊቱ ቆሜ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፣ እዚህ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አጭር ሰው ነበር። ሲራመድ አንገቱ ይቀድማል፣ እግሩ ኋላ ይደርሳል። ነጭ ጋዋን ነበረችው፤ ከመምህራኑ ሁሉ ጋዋን የሚለብሰው እሱ ብቻ ነው። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲመርጥ እንኳ አያወልቃትም። ነጋዴዎቹ «ዶክተር፣ ወዲህ ይበሉ» ይሉታል፤ እሱም አያርማቸውም።

ላብ ሪፖርት ሲያርም ከመጨረሻው ነበር የሚጀምር። ላልተማረው ልንገር፤ ላብ ሪፖርት ማለት ላብራቶሪ ውስጥ የሠራነውን ሙከራ ጽፈን የምናስረክበው ወረቀት ነው። ርዕስ አለው፣ ዓላማ አለው፣ የተጠቀምንባቸው ዕቃዎች ይዘረዘራሉ፣ እንዴት እንደሠራን፣ ምን እንዳየን፣ በመጨረሻም ድምዳሜው። ሁሉም በእንግሊዝኛ። ቲቸር ይመር ወረቀቱን ይገለብጥና ድምዳሜውን ያያል። ደስ ካለው ወደ ላይ እየወጣ ያነባል። ካላለው ግን እዚያው በቀይ ይሰርዘውና ወረቀቱን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ያንጠለጥለዋል። ባለቤቱ መጥቶ እስኪቀበለው ድረስ አይለቀውም። ክፍሉ በሙሉ የማን እንደሆነ እንዲያይ ነው።

ከአፉ የማትጠፋ ንግግር ነበረችው፤ «ያየሽውን ጻፊ፤ ያሰብሽውን ለእናትሽ ንገሪ።» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ። አሁንም ዕቃ ሳጥብ ትመጣብኛለች።

ያረመውን ወረቀት ሲመልስ ደግሞ ስም አይጠራም። ወደፊት ትሆናላችሁ የሚለንን ነው የሚጠራ። ሴቶቹን «አንች ጅዳ፣ አንች ኩዌት፣ አንች ቤሩት» ይላል። ወንዶቹን «አንተ ባጃጅ፣ አንተ ጫት ቤት» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ የተጠራውም አብሮ ይስቃል፣ ምን ያድርግ። እኔ ጅዳ ነበርኩ። አንድ ቀን ወረቀቴን ሳልቀበል ቆሜ «ለምን ጅዳ ሆንኩ ቲቸር?» አልኩት።

«እህትሽ የት ናት?»

«ጅዳ።»

«እንግዲያ ለኬሚስትሪ ምን አደከመሽ?» አለና የሚቀጥለውን ጠራ።

እሱም የዚሁ አገር ሙስሊም ነው፤ የእህቱ ልጆች እዚያው ዐረብ አገር ሰው ቤት ይሠራሉ። የላኩለትን ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ነው እንዲህ የሚለን።

ጠባችን ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አገሩ ሁሉ እገሌ ይውረድ እገሌ ይነሳ ሲል እኛም አንድ ጧት ክፍል አንገባም ብለን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምን። «አንድ ለአምስት ይቅር፣ ይመር ይነሳ» እያልን ነው። አንድ ለአምስት ተማሪውን በየአምስት እየከፈለ በአንድ ጎበዝ ሥር የሚያስር አሠራር ነበር፤ ላብ ሪፖርቱን ጎበዙ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ይፈርማሉ። እኔ ጎበዟ ነበርኩ፣ ለዚህ ነው የመረረኝ።

ሌሎቹ መምህራን ቢሮ ገብተው ቆለፉ። ቲቸር ይመር ግን ጋዋኑን ለብሶ፣ የስም መጥሪያውን ይዞ ወጣ። ከበሩ ውስጥ ሆኖ በብረቱ ፍርግርግ አሻግሮ ስማችንን ይጠራ ጀመር። ልማድ ሆኖብን «አቤት» አልን። አቤት ባልን ቁጥር «ቀሪ» እያለ ይጽፋል። እዚያው ፊቱ ቆመን፣ ድምፃችንን እየሰማ ቀሪ አደረገን። ሲጨርስ መዝገቡን ከደነና «ለውጥ መጣ ተብሎ አሲድ ቤዝ አይሆንም» አለን።

እኔ ከኋላ «እርስዎስ መቼ ነው የሚለወጡት?» አልኩ።

ዞር አለ። «ማናት እሷ፣ አረንጓዴ ሻርፕ?» አለ። ስሜን አያውቀውም ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲያ አወቀው።

አንድ ለአምስቱ ቀረ፤ ይመር ቀረልን እንዳንል ግን ይመር አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። አባቴ አምባሰል ገጠሩ ውስጥ ያርሳል፣ ትንሽ ትንሽም ይነግዳል። እኔን ለትምህርት ብሎ ሐይቅ አክስቴ ዘንድ አስቀመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲያስቀምጠኝ ግን ቁርጡን ነገረኝ፤ «ካርድ ይዘሽ እስከመጣሽ ድረስ ማንም አይነካሽም። ካርድ ያልያዝሽ ዕለት ከከድጃ ዘንድ ትሄጃለሽ።» ከድጃ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከእኔ በፊት እዚያው ትምህርት ቤት ተምራ፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የእኔም ፓስፖርት ወጥቶ ከአባቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ሰኔ በመጣ ቁጥር የእኔ ነገር በዚያች የውጤት ካርድ ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ማትሪክ መፈተን ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የአሲድና የቤዝ ሙከራ መጣ። ላብራቶሪው ውስጥ የነበረው ቀለም አመላካች፣ አሲዱን ከቤዙ በቀለም የሚለይ ኬሚካል፣ ለሁላችን ስለማይበቃ፣ ቲቸር ይመር በየዓመቱ እንደሚያደርገው ከየቤታችሁ ቀለም አምጡ አለን። ቀይ ሽንኩርት ቀቅሎ ያመጣ አለ፣ ቀይ ሥር ያመጣ አለ። እኔ ካርካዴ አመጣሁ፤ ከድጃ በሰው የላከችልን፣ እንደ ሻይ የሚፈላ ቀይ አበባ ነው። ስዘፈዝፈው ደም መሰለ። አሲድ ሲያገኘው ይበልጥ ይቀላል፤ ቤዝ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ፣ ከጠነከረም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የምንሞክራቸው አምስት ፈሳሾች ነበሩ፤ የሎሚ ጭማቂ፣ አቼቶ፣ የሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ከሐይቃችን የተቀዳ ውሃ።

ይሄ የመጨረሻው የቲቸር ይመር የዓይን ብሌን ነው። ከዓመታት በፊት ተማሪዎቹን ይዞ ዞን ድረስ ለሳይንስ ውድድር ቀርቦ ነበር። የሐይቁ ውሃ አሲድም አይደለም፣ ቤዝም አይደለም፣ ገለልተኛ ነው ብሎ አሳይቶ ሰርተፍኬት ተሸለመ። ሰርተፍኬቱ በመስታወት ተከቦ ከላብራቶሪው ሰሌዳ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሰርተፍኬቱ በታች፣ ሰሌዳው ላይ፣ ሪፖርቱ ተጽፎ ይጠብቀናል። ሙከራውን ሳንሠራ። ያየነው ነገር የሚለው ክፍል ሳይቀር። ያየሽውን ጻፊ የሚል ሰው፣ የምናየውን ቀድሞ ጽፎ።

ውሃ እንዲያመጣ የታዘዘው ሰይድ ነበር። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወጣና እዚያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ቦኖ ተሰለፈ።

«ሐይቁ ወዲያ ነው» አልኩት።

«ውሃ ውሃ ነው አቦ። ማን ነው በዚህ ፀሐይ ቁልቁል የሚወርድ?»

እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ጀሪካኑን ቀማሁትና ወረድኩ። ረዥም መንገድ ነው፤ አቧራው እስከ ጉልበቴ ድረስ ነጭ አደረገኝ። ደንገሉን ገልጬ ስቀዳ መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አስጋሪ አየኝና «አንች ልጅ፣ ቦኖው ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«ለትምህርት ነው።»

«እሱማ ለትምህርት ነው» አለ፤ «እስከ ዛሬ ለትምህርት ብሎ እዚህ የወረደ አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት።

ላብራቶሪ ተመልሼ ካርካዴውን በየብርጭቆው ጠብ ጠብ አደረግሁ። ሎሚው ቀላ፣ አቼቶው ቀላ። ሳሙናውና አመዱ አረንጓዴ ሆኑ። የሐይቁ ውሃ ሰማያዊ ሆነ፤ ትንሽ ሲቆይም አረንጓዴ አረንጓዴ አለ።

«ቲቸር፣ ተለወጠ» አልኩ።

አንገቱን አስቀድሞ መጣ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳና አየው። «ሳሙና አለበት» አለ። ራሱ ወስዶ አጠበው። ራሱ አለቀለቀው። ውሃውን ከጀሪካኑ ራሱ ቀዳ፣ ካርካዴውን ራሱ ጠብ አደረገ። ሰማያዊ ሆነ። ሰይድ ከኋላዬ «ቢጫ ትጨምርበትና ባንዲራ ይውጣላት» አለ፤ ጥቂቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ቲቸር ይመር ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይሄ የጅዳ ቀለም ነው። ለዐረብ የሚሸጥ ነገር ምን እንደተቀባ ማን ያውቃል።»

«ታዲያ ሎሚው ላይ ለምን በትክክል ሠራ?»

«አትከራከሪ። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሁሉም ከሰሌዳው ሲገለብጥ እኔ የሐይቁ ውሃ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ እንደለወጠው ጻፍኩ፤ ድምዳሜዬም ውሃው ደከም ያለ ቤዝ ነው የሚል ሆነ። በሳምንቱ ወረቀቴን ገለበጠ፣ መጨረሻውን አየ፣ ሰረዘው። በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። እኔ አልተነሳሁም። ደወል ተደወለ፤ ተማሪው እያየን ወጣ። እሱ ወረቀቱን እንዳንጠለጠለ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረን።

«ሪፖርት አላስረከብሽም» አለኝ።

«እጅዎት ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ይሄ ሪፖርት አይደለም። ይሄ ሐሜት ነው።»

ለእውነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ውሃው ገለልተኛ ሆነ አልሆነ ለእኔ ምኔም አይደለም፤ የምንጠጣው ውሃ አይደለም። ግን ያን ሁሉ መንገድ ወርጄ ነው የቀዳሁት። ፊቱ አድርጌ አሳይቼዋለሁ። በሱ እጅ ተለውጧል። እሺ ብዬ ብጽፍለት በየሳምንቱ «አንች ጅዳ» ያለኝን ሁሉ እሺ ያልኩት መሰለኝ።

ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ የእኔ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስገባኝና «ኬሚስትሪሽ ባዶ ነው» አለኝ። «ዜሮ ቢሰጥሽ እንኳ በሌላው ውጤትሽ ታልፊ ነበር። ባዶ ቦታ ይዤ ግን ካርድ ልሠራልሽ አልችልም። አንድ ወረቀት ናት፤ ጻፊለትና ተገላገይ።»

«ፈተናውን ከሁሉም በላይ አላመጣሁም?»

«አምጥተሻል። እሱ ደግሞ ላብ ሪፖርት ያላስረከበ ውጤት የለውም ብሏል። ይመርን አታውቂውም?»

የዚያን ሰሞን ከድጃ ደወለች። እያለቀስኩ ነገርኳት፤ እሷ ግን ሳቋ ነው የመጣ። ስታቆም «የሐይቅ ውሃ? እኛ መቼ ወርደን እናውቃለን?» አለችኝ። «ከቦኖው ነበር የምንሞላው። ሁሉም ባች እንደዚያ ነው። ለዞኑ ውድድር የተወሰደውን ጀሪካን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ቦኖው ጋ አጠብኩት፣ ቦኖው ጋ ሞላሁት።»

«እና ሰርተፍኬቱ?»

«የቦኖ ውሃ ሰርተፍኬት ነዋ» አለች፤ ሳቋ እንደገና ያዛት።

ዓሣ አስጋሪው ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ዓመት፣ በየዓመቱ፣ ተማሪ ሁሉ ከበሩ ሥር እየሞላ ከሐይቁ ነው እያለ ሲያቀርብለት፣ እሱም በትክክል ይለካ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ። ሮጬ ሄጄ ፊቱ ላይ ልነግረው ነበር። ከዚያ ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም ቀን አይነገርም ብዬ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት።

አባቴ መጣ። ካርድ የለም። «ምዝገባው እስኪዘጋ እጠብቃለሁ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። አባቴ በንግግር አይደግምም።

ክረምቱን ትምህርት ቤታችን ከሰሜን በተፈናቀሉ ሰዎች ሞላ፤ ምዝገባው ተገፋ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ እኛው ዘንድ ደረሰ። እኔና አክስቴ ወደ ደሴ፣ ከደሴም አልፈን ሸሸን። ቲቸር ይመር አልሸሸም።

አሁን «ጀግና» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የሰማሁትን እንደሰማሁት ልንገራችሁ። ታጣቂዎቹ ከመግባታቸው በፊት የላብራቶሪውን ጠርሙሶች በጆንያ፣ መሃል መሃላቸውን ጭድ እየጎዘጎዘ፣ በአህያ ጭኖ ቤቱ ወሰደና አልጋው ሥር ደረደራቸው። ታጣቂዎቹ ቤት ሲፈትሹ አገኟቸው። ፈንጂ ትሠራለህ አሉት። ትምህርት ነው አላቸው። ቀኝ እጁን በሰደፍ ሰበሩት። ከዚያ አንደኛው «መርዝ ካልሆነ ጠጣው» አለው።

«የትኛውን?» አለ ቲቸር ይመር።

«የፈለግኸውን።»

ሚስቱ እትዬ ፋጤ እንደምትናገረው፣ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዞረ ጽሑፋቸውን አነበበ። እነሱ ጠመንጃ ደግነው፣ እሱ ተረጋግቶ እያነበበ። በመጨረሻ ፊኖልፍታሊን የሚባለውን አነሳ፤ ያው ለሁላችን አይበቃም የተባለውን ቀለም አመላካች። ድሮ ለሆድ ድርቀት ይሰጥ የነበረ ነገር ነው። ተጎነጨ። እንዳልሞተ አይተው ትንሽ እንደቆዩ ሆዱ ፈታውና ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ታጣቂዎቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ጠርሙሶቹን አልነኩም። ለቀናት ከጓሮው አልተመለሰም አሉ። ከተማው መጀመሪያ ሳቀበት፤ ኋላ ግን ሳቁ ወደ ክብር ተለወጠ።

ጀግንነት ነው። እኔም አልክድም። እንደዚያ ሆኖ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው አላውቅም። ለጠርሙስ እጁን የሰጠ ሰው ለእኔ ግን አንድ መስመር አልሰጠኝም።

ተመልሰን ስንመጣ ትምህርት ቤቱ መስኮት የለውም። ወንበሮቹ ተፈልጠው ወጥ ተሠርቶባቸዋል። የላብራቶሪው ጠረጴዛ የለም፣ ብርጭቆ የለም፣ ያስረከብናቸው ሪፖርቶች በሙሉ እሳት ማያያዣ ሆነዋል፤ የእኔም አብሮ። አክስቴ ቤት የነበረው ካርካዴ ከሌላው ዕቃ ጋር ተወስዷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ግን ተጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ከፈረሰው ቢሮ በር ላይ በተቀመጠ ድንጋይ ላይ ሆኖ ይመዘግባል።

«የኬሚስትሪ ውጤት ይመር ቤት ነው» አለኝ። «ታሟል። ሂጅና አስጨርሽው። ዓርብ እዘጋለሁ።»

አባቴ አክስቴ ቤት መጥቶ ተቀምጧል። የምሄድበትን ሲሰማ «አደራ፣ ሰውየው ተጎድቷል፤ አፍሽን ያዥ» አለኝ።

እትዬ ፋጤ በሩን ከፈተችልኝ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ቲቸር ይመር አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ በእንጨት ታስሮ ደረቱ ላይ ተኝቷል። ጋዋኑን ለብሷል፤ አንደኛው እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከራስጌው በላይ ያ ሰርተፍኬት አለ። ከጠርሙሶቹ ጋር እሱንም አምጥቶታል። መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም።

«አልሞትኩም» አለኝ፤ ሰላምታው ይሄ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«ውሸትሽን ነው። ተቀመጭ። እኔ መጻፍ አልችልም፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንች ትጽፊያለሽ። ከዚያ በግራ እጄም ቢሆን ፈርሜ ውጤትሽን አስተላልፋለሁ። ከአሥር ዘጠኝ እሰጥሻለሁ።»

ትንሽዋን ጠረጴዛ እትዬ ፋጤ አቀረበችልኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እስክሪብቶው የሱ ነው፣ ክዳኑ በጥርስ የተነከሰ። ሻይም ቀዳችልኝ፤ ሻዩን አልነካሁትም። ርዕሱን ተናገረ፤ ጻፍኩ። ዓላማውን ተናገረ፤ ጻፍኩ። ዕቃዎቹን፣ የማይገኙትን ብርጭቆዎች ሁሉ፣ በየመጠናቸው ዘረዘራቸው፤ ጻፍኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚናገረው። እጄ እንደ ድሮው ፈጠነ፤ ዓርብ ስመዘገብ፣ አባቴ ካርዴን አገላብጦ ሳያነብ ሲያይ፣ ሁሉም ታየኝ። የአሠራሩን ሂደት ጨረሰ። የሎሚውን፣ የአቼቶውን፣ የሳሙናውን፣ የአመዱን አስጻፈኝ።

«አምስተኛ» አለ። «የሐይቅ ውሃ። የቀለም ለውጥ አልታየም።»

እጄ ቆመ።

«ጽፈሻል?»

«ታይቷል ቲቸር።»

ዓይኑን ገለጠ። «ብርጭቆው…»

«ብርጭቆውን ያጠቡት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲህ ጀመረች» አለ ለሚስቱ። ወደ እኔ ዞረ። «እጄን ሰበሩት። ላብራቶሪዬን አፈረሱት። የተረፈኝ ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው ናት። አንች ደግሞ እሷን ልትወስጅ መጣሽ?»

«እኔ የመጣሁት ካርዴን ልወስድ ነው።»

«እኮ ጻፊና ውሰጅ።»

ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ትዝ አለኝ። ክፉው ቀን ይሄው ነው። የአባቴ አደራ ከጆሮዬ ጠፋ።

«ያ የቦኖ ውሃ ነው» አልኩት። «ለውድድር የወሰዱት። ጀሪካኑን የሞላችው እህቴ ከድጃ ናት፤ በሩ ላይ ካለው ቦኖ። ከሷ በፊትም በኋላም የነበሩት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንድ ሰው እንኳ ሐይቁ ወርዶ አያውቅም። የወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

እትዬ ፋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ፊቱን አየሁ። ይጮሃል፣ የእነማንን እንደሆነ ስም ጥሪ ይለኛል፣ ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር። እሱ ግን የታሰረ እጁን በደህነኛው ደገፍ አድርጎ አመቻቸና «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሰርተፍኬቱ በተሰቀለ በዓመቱ አንድ ቅዳሜ ራሴ ወርጄ ቀዳሁ። ሰማያዊ ሆነ።»

«ታዲያ ለምን…»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዞን ሄጄ ሰርተፍኬታችሁን ውሰዱ ልበል? ስንት ልጅ በሱ ተምሮ ወጣ። እኔ ከሞትኩ በኋላ የሚመጣው መምህር ያርመው።» ድምፁ አልተለወጠም፤ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንደሚናገረው ነው። «በይ፣ ጊዜ የለንም። አምስተኛ። የቀለም ለውጥ አልታየም። ድምዳሜ። የሐይቅ ውሃ ገለልተኛ ነው። አሥር ከአሥር እሰጥሻለሁ።»

እትዬ ፋጤ አጠገቤ መጥታ ተንበረከከች። «ጻፊለት ልጄ። አንድ መስመር ናት። ላንችም ነገ ትምህርትሽ ነው፤ አላህ ያውቃል፣ ማንም አያያትም።»

ወረቀቱን አየሁት። የጎደለው ሁለት መስመር ነው፤ ጽሑፌ ሲያምር። እስክሪብቶውን አነሳሁና ክዳኑን ገጠምኩት። ሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ወዴት ነው?» አለ ቲቸር ይመር። «ዓርብ ይዘጋል እኮ። አንች ልጅ፣ ዓርብ ይዘጋል ነው የምልሽ።»

እትዬ ፋጤ ክንዴን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።